ወናፉ በየት በኩል ይተነፍሳል

ጡረታ በወጣሁ ዕለት የገዛ መለኪያዬን ጣውላ ላይ ቸንክረው ሸለሙኝ።

ኢየሩሳሌም፣ ታልፒዮት ሰፈር ያለው ሙሳክ፣ ጋራዥ ማለቴ ነው፣ ጉልምስናዬን ጀምሬ የጨረስኩበት ቦታ ነው። አዲሱ ባለቤት ኤራን ሠራተኛውን ሰብስቦ፣ ኬክ ቆርሶ፣ ጥሩ ጥሩ ነገር ተናገረና ጣውላውን አስታቀፈኝ። መሀሉ ላይ የሞተር ትንፋሽ የምለካበት መሣሪያዬ፣ የሰዓት ፊት የመሰለው፣ ከነጎማ ቱቦው በብሎን ተጠርንፏል። ከሥሩ ነሐስ ላይ በዕብራይስጥ ተቀርጿል፦ «ለያኤል፣ ከምስጋና ጋር። አሁን ዕረፊ።»

አንደኛ ነገር እኔ ያኤል አይደለሁም፤ ያልጋነሽ ነኝ። ያኤል ያለኝ ከኢትዮጵያ የመጣን ሰሞን ስሜን መጥራት የታከተው ጸሐፊ ነው። ሁለተኛ፣ ደክሞሻል ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። የፔንስያው፣ የጡረታው፣ ወረቀት የመንግሥት ሕግ ነው፣ ፈርሜያለሁ። «ዕረፊ» ግን ሕግ አይደለም። ጊሎ ሰፈር ያለው ቤቴ ገብቼ ጃኬቴን ሳላወልቅ ካቻቢቴ አወጣሁና መለኪያዬን ከጣውላው ፈታሁት። ጣውላው ላይ የአበባ ማሰሮ አስቀመጥኩበት።

ጥቂት ቆይቶ አያ ታከለ ደወሉልኝ። አያ ታከለ ኔቬ ያዕቆብ ሰፈር የሚኖሩ የአገሬ ሰው ናቸው፤ ከእኔ ገፋ ያሉ፣ ያረጀች ነጭ ሚኒባስ ያላቸው። በየዓመቱ የስግድ ዕለት፣ የእኛ የቤተ እስራኤሎች የጾምና የጸሎት በዓል ነው፣ በየፎቁ ያሉትን አቅመ ደካሞች ሰብስበው አርሞን ሃናጺቭ ኮረብታ የሚያወጡት እሳቸው ናቸው። ሽማግሌዎቹ ጾመው ነው የሚሄዱ፤ አውቶቡስ ተጋፍተው መቆም አይችሉም።

«ያልጌ፣ ሞተሯ ሞቷል አሉኝ።»

«ማን አለ?»

«ያንች ሙሳክ።»

«የኔ አይደለም፤ ሸልመው አስወጥተውኛል። ምን አይተው ሞተ አሉ?»

«አራቱም ትንፋሽ የለው። እኩል ደክሟል አሉ። ልጆቼ ብረት የሚገዛ ሰው አግኝተዋል፣ ከስግድ በፊት ይወስዳታል። እሷ ከሄደች ቁልፍ ዳግመኛ እጄ አይገባም። ልጆቹ ይኸን ነው የሚጠብቁ። ሽማግሌዎቹን ደግሞ ምን እላቸዋለሁ?»

«ሳላያት እንዳይሸጧት» አልኳቸው።

እንዲህ ያልኩት ልባቸው እንዲረጋ ብቻ አይደለም። «አራቱም እኩል» የምትለዋ ጆሮዬ ላይ ተንጠልጥላ ቀርታ ነበር። ለምን እንደቀረች ለመናገር ከአባቴ መነሳት አለብኝ።

አባቴ ቀጥቃጭ ነበር። ከጎንደር ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን ማረሻውንም ማጭዱንም የሚሠራ እሱ ነው። ጎረቤቶቻችን ማረሻቸውን ያሠሩና ልጆቻቸውን ከዓይናችን ይሸሽጋሉ። ብረት የሚያቀልጥ ሰው ዓይኑ ይበላል፣ ቡዳ ነው፣ ይባል ነበር። በማረሻው ያረሱትን ግን ይበሉታል።

የኔ ድርሻ ወናፍ መንፋት ነበር። ወናፍ ላላየ ሰው፦ የፍየል ቆዳ ከረጢት ነው፤ አፉ በእጅ የሚከፈትና የሚዘጋ፣ ጫፉ ላይ ወደ ፍሙ የሚገባ ቀዳዳ ያለው። ከረጢቱ ሲነሳ እጅ ይከፍታል፣ አየር ይገባል። ከረጢቱ ሲጫን እጅ ይገጥማል፣ አየሩ ታምቆ ፍሙን ያነደዋል። ፍሙ ሲደክም አባቴ መዶሻውን ያስቀምጥና አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃል፦ «ወናፉ በየት በኩል ይተነፍሳል?» በስፌቱ ነው? በቆዳው? በአፉ? ጉንጬን እያስጠጋሁ ንፋሱን እፈልጋለሁ። ቆዳውን ከጠረጠርኩ ውኃ አፈስበታለሁ፤ ያብጥና ለጊዜው ይይዛል። ከያዘ ጥፋቱ የቆዳው ነው። ካልያዘ ሌላ ቦታ ነው።

የመኪና ሞተር ከዚህ የራቀ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሲሊንደር ማለት ብረት ወናፍ ነው። ፒስተኑ ይወርዳል፣ አየሩ ይገባል፤ ቫልቮቹ ይገጥማሉ፣ ፒስተኑ ወጥቶ አየሩን ያምቀዋል። ያ እምቅታ ኮምፕሬስያ ይባላል። በፒስተኑ ቀለበት ወይ በቫልቩ ወይ በክዳኑ ሥር ካመለጠ ሞተሩ ነዳጅ ይጠጣል እንጂ ዳገት አይወጣም።

ኢየሩሳሌም ስንገባ ይህን ሁሉ አላውቅም። ዕብራይስጥ የለኝ፣ ፊደል የለኝ፣ ያገኘሁት ሥራ ጽዳት ነው። ጠዋት ኢትዮጵያ ጎዳና አካባቢ የሰው ቤት ደረጃ አጥባለሁ። ከግንብ ማዶ ካለው የኢትዮጵያ ገዳም የመነኮሳት ዜማ ይመጣል። ግዕዙ የእኛም ቄሶች የሚጸልዩበት ነውና፣ ባይገባኝም የሰማሁት ድምፅ ነበር። ከሰዓት ታልፒዮት ወርጄ ሙሳኩን እጠርጋለሁ።

አንድ ቀን አንዱን መኪና ሳያስነሱ በሞተሪኖ፣ በማስነሻው፣ ብቻ ያሽከረክሩታል። ሩህ፣ ሩህ፣ ሩህ፣ ሪ። ሩህ፣ ሩህ፣ ሩህ፣ ሪ። መጥረጊያዬን አቆምኩ። የሚያነክስ ወናፍ ነው። በዚያች በተሰባበረች ዕብራይስጤ «አንዱ ይተነፍሳል» አልኩ።

«ጽዳቷ ዶክተር ሆነችልን» አለ አንዱ። ሳቁ። ዋናው መካኒክ ግን አልሳቁም፤ ሳሶን የሚባሉ፣ ባግዳድ የተወለዱ፣ ጠና ያሉ ሰው። «እስቲ ስትሰሚው አጨብጭቢ» አሉኝ። እንደገና አሽከረከሩት። ሪ ስትመጣ አጨበጨብኩ። ሪ፣ አጨበጨብኩ።

«ነገ መጥረጊያውን ለሌላ ስጭ» አሉኝ።

ወንዶቹ ይህን አልወደዱትም። የሥራ ልብሴን ይደብቁብኛል፤ «ቡና አፍይልን» ይሉኛል፤ መፍቻ ስጠይቅ ማንኪያ ያቀብሉኛል። በማንኪያው እርጎ በላሁበት። አልወጣሁም። እነሱ ናቸው አንድ በአንድ የወጡት።

አባ ሳሶንን በስም ብቻ መጥራት አንደበቴ እንቢ ስላለ «አባ» እላቸው ነበር። በዕብራይስጥም አባ አባት ነው። ሙሳኩ በሙሉ ሰምቶ አባ ይላቸው ጀመር፤ ልጅ ያልነበራቸው ሰው ስንት ልጅ አገኙ።

ጠባያቸውን ልንገራችሁ፣ እኔን የሠራኝ እሱ ነውና። መኪና ሲገባ መክደኛውን ከፍተው እጃቸውን ወደ ኋላ ያጣምሩና «ዛሬ የሚዋሸው ማን ነው?» ይላሉ። ባትሪው ሊዋሽ ይችላል፤ ከደከመ ሞተሩን ቀስ አድርጎ ያዞርና መለኪያው ዝቅ ብሎ ያነባል። ፔዳሉን የሚረግጥ ሰው ሊዋሽ ይችላል፤ እስከ ወለሉ ካልረገጠ ሞተሩ በቂ አየር አይገባለትም። ከሁሉ በላይ ባለቤቱ ይዋሻል፤ መኪናው ምን እንደተደረገ ሁሉን አይናገርም። ካንዴላ ከመፍታታቸው በፊት ዙሪያውን በብሩሽ ይጠርጋሉ፣ አሸዋ ሲሊንደር ውስጥ እንዳይገባ። በካንዴላው ቀዳዳ መለኪያውን ሲያስገቡ ፊቱን በአውራ ጣታቸው ይሸፍኑና «መጀመሪያ የሰማሽውን ንገሪኝ» ይሉኛል። ቁጥሩን በጠመኔ የሞተሩ ክዳን ላይ ይጽፋሉ። ከዚያ ደረቅ ሎሚ የገባበት ሻያቸውን ይይዛሉ፤ ብርጭቆው ባዶ ሳይሆን ባለመኪናው ቢጮኽም ቢለምንም ቃል አይወጣቸውም።

አሁን የመነኩሴውን መኪና ላውራ። ታልፒዮት ይህን ወሬ የማያውቅ የለም፤ ስለዚህ ከኔ ስሙት።

ኢትዮጵያ ጎዳና አካባቢ የሚኖሩ አንድ መነኩሴ ነበሩ። አማርኛ የምትናገር መካኒክ አለች ሲባል ያረጀች መኪናቸውን ይዘውልኝ መጡ። ለጥምቀት ከአገር ቤት የመጡ ምእመናንን ዮርዳኖስ የሚያወርዱባት መኪና ናት። ከመካከላቸው አንዲት እማሆይ አሉ፣ ጎንበስ ያሉ፣ ጉልበታቸው የማይታጠፍ፤ በሌላ መኪና መሄድ የማይችሉ። አባ ሳሶን የእህታቸው ልጅ ሠርግ ሄደው ነበር። ለብቻዬ ነኝ።

ለካሁ። አንዱ ሲሊንደር ደክሟል። ደካማ ሲሊንደር ውስጥ ትንሽ ዘይት ጠብ ይደረግና እንደገና ይለካል፤ ዘይቱ ቀለበቱን ስለሚያሽግ ቁጥሩ ከወጣ ጥፋቱ የቀለበቱ ነው። የአባቴ ወናፍ! ውኃና ቆዳ! እጄ ያውቀዋል አልኩ። እጄም እንደሚያውቀው አፈሰሰ፤ ለወናፍ ቆዳ እንደሚፈሰው፣ እጅን ሞልቶ። ቁጥሩ ዘሎ ወጣ። «ቀለበቱ አልቋል፣ ሞተሩ ይፈታ» አልኩ።

ሞተሩ ተፈታ። ቀለበቶቹ ደኅና ናቸው። የተቃጠለው ቫልቭ ነው፣ ከላይ፤ ክዳኑን ብቻ አንስቶ በቶሎ የሚሠራ ነገር። ወናፍ ለስላሳ ነው፣ የፈሰሰውን ውኃ ቆዳው ይጠጣዋል። ብረት አይጠጣም። ብዙ ዘይት ሲገባበት ቦታው ይጠብና ቁጥሩ በሐሰት ይወጣል። ይህን ስህተት የሚሠራ የቀጥቃጭ ልጅ ብቻ ነው፤ ሌላው መካኒክ ወናፍ የት አይቶ።

ሞተሩ ተበታትኖ ጥምቀት ደረሰ። እማሆይ ዮርዳኖስ ሳይወርዱ ወደ አገራቸው ተመለሱ።

መነኩሴው መኪናቸውን ሊያዩ ሲመጡ አብሯቸው የመጣ አንድ ምእመን ሹክ ሲል ሰማሁት። «የቀጥቃጭ ልጅ ናት አሉ። ዓይኗ አርፎበት ነው።»

መሬት ላይ ተቀምጬ ነበር፤ ተነሳሁ። «ስማኝ ወንድሜ፣ ዓይኔ አይደለም፣ እጄ ነው። ዘይት አበዛሁ። ና ላሳይህ።» ክንዱን ይዤ ወደ ሞተሩ ጎተትኩት፤ ቀለበቱን አሳየሁት፣ ቫልቩን አሳየሁት፣ ያፈሰስኩበትን ጣሳ አሳየሁት። አያቶቼ ላልሠሩት ነገር ሲሰደቡ ኖረዋል። እኔ የሠራሁትን ጥፋት ለዓይኔ አሳልፌ አልሰጥም፤ የኔ ነው፣ በእጄ ሠርቼዋለሁ፣ በእጄ አስተካክለዋለሁ።

መነኩሴው ሰውየውን በዓይናቸው ገሠጹት። ወደ እኔ ዞረው «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉ።

«የተፈታውስ ሞተሩ ነው፣ አባ» አልኳቸው። እስኪያስላቸው ሳቁ። መኪናቸውን ገጥሜ ሰጠኋቸው፤ ከዚያም በኋላ ወደ ሌላ ሙሳክ አልሄዱም። ያም ሆኖ እማሆይ ዮርዳኖስን አላዩም። ይህን የሚመልስ ጥገና የለም።

ከዚያ ወዲህ ዘይት በእጄ አፍስሼ አላውቅም። ለሕፃን ሽሮፕ መስጫ የሚሆነውን፣ መርፌ የሌለውን ስሪንጅ ገዛሁ። ሰው ሲስቅብኝ ይሳቅ። ዛሬም ከመለኪያዬ ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ ነው።

በዚያው ቦርሳ ነው ኔቬ ያዕቆብ የሄድኩት። የአያ ታከለ ሚኒባስ ከፎቃቸው ሥር ቆማለች። ልጃቸው ኦርሊ በረንዳ ላይ ወጥታ ልብስ ታሰጣለች።

«አባ፣ ዳይ። በቃ» አለች በሁለት ቋንቋ። «ሐሙስ ሰውየው ይመጣል። እትዬ ያልጋነሽን ለምን ታደክማለህ?»

«አልደከምኩም፣ ልጄ» አልኳት። መክደኛውን ከፍቼ እጄን ወደ ኋላ አጣመርኩ። «ዛሬ የሚዋሸው ማን ነው?»

«ምን አልሽ?» አሉ አያ ታከለ።

«ለራሴ ነው።»

ባትሪው በደንብ ተሞልቷል። ሞተሩን አሞቅሁ፣ በብሩሽ ጠረግሁ፣ አራቱንም ካንዴላ አወጣሁ፣ ነዳጁን ዘጋሁ። አያ ታከለ ገብተው ፔዳሉን እስከ ወለሉ ረገጡና ቁልፉን አዞሩ። ሩህ፣ ሩህ፣ ሩህ፣ ሩህ። አንዱም አያነክስም። መለኪያውን በአውራ ጣቴ ሸፍኜ አዳመጥኩ፣ ከዚያ ገለጥኩ። ኤራን ልክ ነው፤ አራቱም ዝቅ ያለ ነው፣ አራቱም እኩል።

ያረጀ ሞተር እንዲህ አያረጅም። እንደ ወንድማማች ነው፤ አንዱ ይሸብታል፣ አንዱ ያነክሳል፣ አንዱ ደኅና ይኖራል። በስሪንጄ ጠብታ ዘይት ሰጠሁ። የመለኪያው እጅ እምብዛም አልተነቃነቀም፤ እንግዲህ ቀለበቱ አይደለም። የጎማ መንፊያዋን አገናኝቼ በየሲሊንደሩ አየር ላክሁና ጉንጬን በየቦታው አስጠጋሁ፦ በዘይት መሙያው፣ በጭስ ማውጫው፣ በራዲያተሩ አፍ። አንዱ ትንሽ እፍ ይላል፤ ሌላው ዝም ነው። ወናፉ ይህን ያህል አይተነፍስም። ፍሙ ግን ደክሟል።

የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ። ያኔ አንድ ቀን ትዝ አለኝ። ልጅ ነኝ፣ ፍሙ ይጠፋብናል፤ አባቴ ወናፉን አገላብጦ አየ፣ ቀዳዳ የለም። ከዚያ ወናፉን ትቶ እጄን አየ። እንቅልፍ እየጣለኝ እጄን አዘግይቼ ነው የምገጥመው፤ የገባው አየር በገባበት ይወጣል። እጁን እጄ ላይ ጭኖ አንድ ጊዜ አብሮኝ ነፋ። «ቆዳው ደኅና ነው፤ እጅሽ ነው የዘገየ» አለኝ።

በሞተር ውስጥ እጁ ቫልቭ ነው። ለቫልቩ መቼ ግጠም መቼ ክፈት የሚለው ደግሞ ጥርስ ያለው ቺንጋ፣ የጎማ ቀበቶ፣ ነው።

«አያ ታከለ፣ ቺንጋዋ ተቀይሯል?»

አያ ታከለ ወደ በረንዳው ቀና አሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በበጋ። የኦርሊ ባል ቀየረው። ደግ ልጅ ነው፣ ገንዘብ እንዳላወጣ ብሎ ነው።»

«ለሙሳኩ ነገሯቸው?»

«ምን ብዬ? በባዕድ ፊት አማቼን ላማ?»

እኛ ዘንድ አማች ክቡር ነው፤ ጥፋቱ ለእንግዳ አይነገርም። ኤራን ይህን በየት ይወቀው። አባ ሳሶን ቢኖሩ ግን «የሚዋሸውን አገኘነው» ብለው ብርጭቆውን ያስቀምጡ ነበር።

«ከዚያ ወዲህ ነው የደከመች?»

«እኔማ የደከመው እግሬ መስሎኝ ነበር» አሉ አያ ታከለ። «መርገጥ ያቃተኝ እኔ ነኝ፣ አረጀሁ፣ ልጆቹ እውነታቸውን ነው እያልኩ።»

ቺንጋ ለመክፈት መኪናውን የሚያነሳ ሊፍት ያስፈልጋል። እየተንቀራፈፍን ታልፒዮት ወረድን።

«ያኤል! ናፈቅንሽ?» አለ ኤራን።

«ሊፍትህ ናፈቀኝ። አበድረኝ።»

መኪናዋን አየና ፊቱ ተቀየረ። «ሳቭታ» አለኝ፣ አያቴ ማለቱ ነው፤ «ይቺን ራሴ ለክቻታለሁ። ሞታለች።»

«ቁጥርህ ልክ ነው። አራቱም የሞተበት ሞተር ግን በአራቱም ይተነፍሳል። ይቺ ከአንዱ ጥቂት በቀር አትተነፍስም፤ እጇ ነው የዘገየ።»

«ምን?»

«ክፈትና እይ።»

«ከተሳሳትሽስ?»

«መለኪያዬን መልሼ ጣውላው ላይ እቸነክራለሁ። አንተም ግድግዳህ ላይ ትሰቅለዋለህ፣ እኔም ቤቴ ገብቼ አርፋለሁ።»

ኤራን ፈገግ አለና ሊፍቱን ለቀቀው። እውነት ለመናገር መብራቱን የያዘልኝ ራሱ ነው። ሽፋኑን ስናወጣ መገጣጠም ያለባቸው ሁለት ምልክቶች አልተገጣጠሙም፤ ቺንጋው በአንድ ጥርስ ወደ ኋላ ቀርቷል። አንድ ጥርስ ብቻ። ኤራን መብራቱን አስጠግቶ አየው። «ምንም ነገር አልነገሩኝም» አለ።

«አይነግሩህም። ጠይቅ» አልኩት። «ሁለት ጊዜ ጠይቅ።»

መልሰን ገጠምን፣ ለካን። ሦስቱ ሲሊንደሮች ቀና አሉ። አራተኛው፣ ያ እፍ ይል የነበረው፣ ከወንድሞቹ ዝቅ ብሎ ቀረ፤ ቫልቩ ተበልቷል። ይህንም ለአያ ታከለ አልሸሸግሁም። «ዳገት ትወጣለች፣ አትሮጥም። አንድ ቀን ክዳኗ መነሳቱ አይቀርም።»

«እኔስ መች እሮጣለሁ» አሉ። ኦርሊ ስትጠይቀኝ ቺንጋው ተንሸራትቶ ነበር አልኳት፤ ማን እንደቀየረው እሷም አልጠየቀችኝ፣ እኔም አልነገርኳት። አሁን የምጽፈው ባሏ ራሱ በየሠርጉ እየሳቀ ስለሚያወራው ነው። ብረት ገዢው ሐሙስ መጥቶ ባዶ እጁን ተመለሰ።

የስግድ ዕለት ከአያ ታከለ አጠገብ ተቀመጥኩ። ከኋላችን ነጭ ነጠላ የለበሱ ሽማግሌዎች፣ ሁሉም ጾመኛ፣ ሁሉም ወሬኛ። ዳገቱ ሲጀምር ማርሽ ሁለት ገባን። ሞተሯ አጉረመረመች፣ ግን አልደከመችም።

«ያልጋነሽ፣ ትደርሳለች?» አለኝ ከኋላ አንድ ድምፅ።

«ትደርሳለች።»

«በእግራችን ሱዳን ስንሻገር እንኳ እንዲህ አልተንቀራፈፍንም» አሉ አንዲት አሮጊት፤ መኪናው በሳቅ ተናጋ። አያ ታከለ አልሳቁም። እግራቸው ፔዳሉ ላይ ነው፤ እየረገጡ፣ መኪናዋ ደግሞ እየመለሰችላቸው፣ ፊታቸው ላይ ያየሁትን አልረሳውም።

አርሞን ሃናጺቭ ስንደርስ ሜዳው ሞልቶ ቁልቁለት ላይ ቆምን። የቄሶቹ ነጋሪት ይሰማል። ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ አወረድን። የእጅ ፍሬኗ እንደ ባለቤቷ ስለማይታመን ጠዋት ከአበባው ማሰሮ ሥር አንስቼ ያመጣሁትን ጣውላዬን ከቦርሳዬ አወጣሁና ከኋላ ጎማዋ ሥር ወሸቅሁት፤ ታኮ ሆነ። የነሐሱ ጽሑፍ ወደ ላይ ዞሮ ፀሐይ ሲመታው ያብለጨልጫል።

አያ ታከለ ጎንበስ ብለው አዩት። «ምን ይላል ይኸ?»

«ዕረፊ ይላል።»

«ለማን ነው?»

«ለጎማዋ» አልኳቸውና አሮጊቷን ደግፌ ዳገቱን ጀመርኩ።